የባለ አከርካሪ እንስሳት ታሪክ፤ ከድሬዳዋ ኮረብታዎች እስከ አፋር ሸለቆ

መግቢያ

ባለ አከርካሪ እንስሳት ተብለው የሚጠሩት አሣዎች፣ እንቁራሪት አስተኔዎች፣ ገበሎ አስተኔዎች፣ አዕዋፍና አጥቢዎች ናቸው። የሰው ልጅም በአካሉ አሠራር ከነዚሁ መካከል የሚቆጠር ነው። እነዚህ ሁሉ በመልክ፣ በአኗኗርና በመጠን እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም፣ ከራስ ቅል ተነሥቶ በጀርባ በኩል በሚወርድ፣ አንጓ በአንጓ በተያያዘ ምሰሶ ይተባበራሉ። ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ሠፈሮች አንዷ በሆነችው በዋሂል ፍየል የሚጠብቅ ልጅ እጁን በፍየሏ ጀርባ ላይ ቢያሳልፍ አንጓዎቹን አንድ በአንድ ሊቆጥራቸው ይችላል። መልሶ የራሱን ጀርባ ቢዳስስ የሚያገኘው ያንኑ ነው። የዚህ መመሳሰል ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ በቆየ ረጅም ታሪክ ነው።

ይህ ታሪክ በትምህርት ቤት ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ምሳሌዎቹ ከሩቅ አገሮች የሚመጡ ናቸው። ተማሪው የቻይናን፣ የካናዳን ወይም የአውሮፓን ቅሪተ አካል በሥዕል ያያል፤ በደጁ የቆመው ኮረብታ ግን ከትምህርቱ ጋር ግንኙነት እንዳለው አይነገረውም። በእርግጥ ከሉሲ መገኘት ወዲህ ኢትዮጵያ የሰው ዘር መገኛ መሆኗ በሰፊው ታውቋል። ይሁን እንጂ የሰው ዘር ታሪክ ከባለ አከርካሪዎች ታሪክ የመጨረሻው አጭር ምዕራፍ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ምዕራፎችም በኢትዮጵያ ድንጋዮች ላይ፣ አንዳንዱ በግልጽ፣ አንዳንዱ በተቆራረጠ መልክ፣ አንዳንዱም በመጥፋቱ ብቻ ተጽፎ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የባለ አከርካሪዎችን አመጣጥ ባጭሩ ገልጾ፣ ታሪኩ በድሬዳዋ ኮረብታዎችና በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች እንዴት እንደሚነበብ ማሳየት ነው።

የአከርካሪ አመጣጥ

የመጀመሪያዎቹ የአከርካሪ ባለቤቶች በባሕር ውስጥ ይኖሩ የነበሩ፣ ከሰው ጣት ያልበለጡ ለስላሳ እንስሳት ነበሩ። በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ ቼንግጂያንግ በተባለው ስፍራ ከተገኙትና እ.ኤ.አ. በ1999 ለሳይንስ ዓለም ከተገለጹት መካከል ሃይኮኢክቲስ የተባለው ይገኝበታል። ዕድሜው ወደ 518 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ይህ እንስሳ መንጋጋም ሆነ ጠንካራ አጥንት አልነበረውም። ይሁን እንጂ ራሱ ከቀረው አካሉ የተለየ ነበር፤ በጀርባው በኩልም ኖቶኮርድ የተባለው ተጣጣፊ ዘንግ ነበረው።

ኖቶኮርድ የአከርካሪ መነሻ ነው። አካልን ሳያሳጥር እንዲጣጠፍ ስለሚያደርግ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ጡንቻዎች ተራ በተራ በሳቡት ቁጥር እንስሳው ወደ ፊት ይዋኛል። ከጊዜ በኋላ በዘንጉ ዙሪያ ትናንሽ አንጓዎች በቅሉ፤ አንጓዎቹም በመጀመሪያ በልምጭ አጥንት፣ በኋላም በጠንካራ አጥንት ተሠርተው በላያቸው የሚያልፈውን የነርቭ ሰረሰር መጠበቅ ጀመሩ። ዛሬም ቢሆን በማኅፀን ውስጥ ያለ የሰው ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኖቶኮርድ ያበጃል፤ አከርካሪውም የሚሠራው በዚያው ዙሪያ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ትልቅ ለውጥ የመንጋጋ መገኘት ነው። የመጀመሪያዎቹ አሣዎች ምግባቸውን የሚያገኙት ውኃ በመምጠጥ ነበር። ከ430 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን መንጋጋ ያላቸው አሣዎች ተነሥተው ነበር። ብዙ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት፣ መንጋጋ የተሠራው ስንጥብን ደግፈው ከያዙት ቅስቶች የፊተኛው ተለውጦ ነው። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዝግመተ ለውጥ ታሪክ ውስጥ አዲስ አካል ከባዶ የሚፈጠርበት ጊዜ ጥቂት መሆኑ ነው። በአብዛኛው የሚታየው ቀድሞ የነበረው አካል ለአዲስ ሥራ መዋሉ ነው።

ከውኃ ወደ የብስ

የመዋኛ ክንፋቸው በውስጡ አጥንትና ጡንቻ የነበረው አንዳንድ አሣዎች የየብስ እንስሳት ሁሉ ቅድመ አያቶች ናቸው። በሰሜናዊ ካናዳ፣ በኤልስሚር ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተገኘው ቲክታሊክ 375 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ እንደ አሣ ቅርፊትና ስንጥብ፣ እንደ የብስ እንስሳ ደግሞ የሚዞር አንገትና የእጅ አንጓን የሚመስሉ አጥንቶች ነበሩት። በክንፉ ውስጥ በመጀመሪያ አንድ አጥንት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያም ብዙ ትናንሽ አጥንቶች ተሰልፈዋል። የፍየል የፊት እግርም፣ የሌሊት ወፍ ክንፍም፣ የሰው ክንድም የተሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ከነዚህ አሣዎች ወገን የሆኑ ጥቂቶች እስከ ዛሬ አሉ። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እንደጠፋ ይታመን የነበረው ሲላካንት እ.ኤ.አ. በ1938 በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ በዓሣ አጥማጆች መረብ ተይዟል። በአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች የሚኖረው ባለ ሳንባ አሣም ውኃው በደረቀ ጊዜ በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አየር እየተነፈሰ ዝናብን ይጠብቃል።

በየብስ ላይ መቆም የአከርካሪን ሥራ ለወጠው። በውኃ ውስጥ ክብደትን የሚሸከመው ውኃው ራሱ ነው፤ በየብስ ግን አከርካሪ እንደ ድልድይ ሆኖ ከፊትና ከኋላ እግሮች መካከል የተንጠለጠለውን ሆድ መሸከም ነበረበት። ስለዚህ አንጓዎቹ ርስ በርሳቸው የሚቆላለፉበት ጉጥ አወጡ፤ የኋላው ክፍል ከዳሌ ጋር ተጋጠመ፤ የፊተኛው ክፍል አንገት ሆነ። ቢያንስ ከ310 ሚሊዮን ዓመት በፊትም ዕንቁላላቸው የማይደርቅ፣ ለመራባት ወደ ውኃ መመለስ የማያስፈልጋቸው እንስሳት ተነሡ። ከነዚህ በአንድ በኩል ገበሎ አስተኔዎችና አዕዋፍ፣ በሌላ በኩል አጥቢዎች ተገኙ።

በአጥቢዎች ወገን የታየው ለውጥ ከሁሉ ይበልጥ አስደናቂ ነው። የገበሎ አስተኔ የታችኛው መንጋጋ ከብዙ አጥንቶች የተገጣጠመ ሲሆን የአጥቢ ግን አንድ አጥንት ብቻ ነው። የቀሩት የት ሄዱ? ጀርመናዊው የአካል ሊቅ ካርል ራይኸርት እ.ኤ.አ. በ1837 ጽንሶችን መርምሮ እንዳስረዳው፣ የገበሎ አስተኔ መንጋጋ የሚታጠፍባቸው ሁለት አጥንቶች በአጥቢ ጆሮ ውስጥ ካሉት ሦስት ትናንሽ አጥንቶች ሁለቱ ሆነዋል። ሦስተኛው ደግሞ ቀድሞ በአሣ ዘንድ መንጋጋን ከራስ ቅል ጋር ይደግፍ የነበረው አጥንት ነው። በኋላ የተገኙት ቅሪተ አካሎችም ይህን ለውጥ ደረጃ በደረጃ አሳይተዋል። እንግዲህ አንድ ልጅ የመምህሩን ድምፅ የሚሰማው በጥንት ዘመን ለመንከስ ባገለገሉ አጥንቶች አማካይነት ነው ማለት ነው።

የድሬዳዋ ድንጋዮች ምስክርነት

እስካሁን የተነገረው ታሪክ በዓለም ዙሪያ ከተሰበሰበ ማስረጃ የተጠናቀረ ነው። በድሬዳዋ አካባቢ ያለውን የድንጋይ አቀማመጥ የሚመለከት ሰው ግን ይኸው ታሪክ የት ላይ እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚቋረጥ ሊለይ ይችላል።

በአካባቢው ከሁሉ በታች የሚገኘው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው መሠረት ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በምድር ውስጥ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ በመሆኑ የእንስሳ አጥንት አይፈለግበትም። በላዩ የተነጠፈው አሸዋማ ድንጋይ ሲሆን ዘመኑ አዲግራት ተብሎ ከሚታወቀው አሸዋማ ድንጋይ ጋር አንድ ነው። ከዚህ በላይ በጁራሲክ ዘመን ባሕር ውስጥ የተጠራቀመው የኖራ ድንጋይ ይገኛል። ቀጥሎ እንደገና አሸዋማ ድንጋይ፣ በመጨረሻም ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ተደራርበዋል።

በመሠረት ድንጋዩና በመጀመሪያው አሸዋማ ድንጋይ መካከል ያለው መገናኛ በዓይን ሲታይ አንድ መስመር ነው። በዚህ መስመር ውስጥ ግን ከ250 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ጠፍቷል። ከሃይኮኢክቲስ ጀምሮ መንጋጋ እስኪገኝ፣ አሣ ወደ የብስ እስኪወጣ፣ ዕንቁላል የማይደርቅ እስኪሆን ድረስ የተነገረው ታሪክ በሙሉ የተፈጸመው በዚህ መስመር ውስጥ በጠፋው ዘመን ነው። በዚያ ዘመን በአካባቢው የተጠራቀመ ደለል ቢኖርም እንኳ በነፋስና በጎርፍ ታጥቦ ሄዷል። ስለዚህ የመጀመሪያው አሣ በድሬዳዋ አለመገኘቱ በዚህ አልነበረም ለማለት አያስችልም። የአጥንት አለመገኘትና የእንስሳ አለመኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት ማስተዋል ታሪክንም ሆነ ሳይንስን ለሚማር ሁሉ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

የኖራ ድንጋዩ ደግሞ ሌላ ምስክርነት ይሰጣል። በጁራሲክ ዘመን ባሕሩ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ገብቶ ኦጋዴንን፣ ሐረርጌን፣ የዓባይን ሸለቆና ትግራይን አጥለቅልቆ ነበር። ዛሬ ውኃ ብርቅ በሆነባቸው በድሬዳዋ ኮረብታዎች የሚታየው የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ወለል ነው። በውስጡ በብዛት የሚገኙት አከርካሪ የሌላቸው የባሕር እንስሳት ዛጎሎች ናቸው። ዛጎል ራሱ ከኖራ የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ ይቆያል፤ የአሣ አጥንት ግን ትንሽና ተበታታኝ በመሆኑ ሊገኝ የሚችለው በብዙ ትዕግሥት ነው።

ከባሕሩ መመለስ በኋላ

ባሕሩ በጁራሲክ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሲሸሽ በስተኋላው ወንዞችና ረግረጎች ቀሩ። የዚህ ጊዜ ማስረጃ የሚገኘው ከድሬዳዋ ርቆ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በዓባይ ተፋሰስ፣ ሙገር ተብሎ በሚጠራው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ከዚህ ድንጋይ የተለቀሙ የአሣዎች፣ የኤሊዎች፣ የአዞ ወገኖችና የዳይኖሰሮች ቅሪቶችን ገልጸዋል። ከነዚህም መካከል የባለ ሳንባ አሣ ጥርስ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ከዚያው የተገኘ አንድ የአጥቢ እንስሳ መንጋጋ ጥርስ ተገለጸ። ይህች እጅግ ትንሽ ጥርስ ዳይኖሰሮች በሠለጠኑበት ዘመን አጥቢዎች በኢትዮጵያ ምድር ይኖሩ እንደነበር ታረጋግጣለች። የአንድ ዘመን የአጥቢዎች ታሪክ በሙሉ በአንዲት ጥርስ ላይ ቆሞ መገኘቱ ማስረጃው ምን ያህል ውድ እንደሆነ ያስረዳል።

ዳይኖሰሮች፣ ከአዕዋፍ በቀር፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፉ። በኢትዮጵያ ከዚህ በኋላ ያለው ገጽ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሲሆን፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የፈሰሰው እሳተ ገሞራ ደጋውን በወፍራም ጥቁር ድንጋይ ሸፈነው። ታሪኩ እንደገና የሚነበበው ከጎንደር በስተ ምዕራብ በምትገኘው በጭልጋ ነው። ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳወቁት፣ በጭልጋ ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው አጥቢዎች ተገኝተዋል። ከነዚህም የጥንት የዝሆን ወገኖች፣ ሁለት ታላላቅ ቀንዶች የነበሩት አርሲኖይቴሪየምና የሽኮኮ ወገኖች ይጠቀሳሉ። በዚያ ጊዜ አፍሪካና ዓረቢያ በአንድነት ከሌላው ዓለም በባሕር ተለይተው ስለነበር፣ እነዚህ እንስሳት የአፍሪካ ተወላጆች ናቸው። ዛሬ በገደል ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ትንሹ ሽኮኮ የዝሆን የቅርብ ዘመድ መሆኑ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ የአጥንቱም ሆነ የዘር ውርሱ ምርመራ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።

ወደ ሐረርጌ ሲመለሱ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ የጮሮራ አካባቢ ይገኛል። በዚህ ስፍራ በ1970ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ሦስት ጣት የነበረው የጥንት ፈረስ አጥንቶች ተገኝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ጃፓናዊው ገን ሱዋ ከኢትዮጵያውያኑ ብርሃኔ አስፋውና ዮናስ በየነ እንዲሁም ከሌሎች ባልደረቦች ጋር፣ ከዚያው አካባቢ የተገኙ ዘጠኝ ጥርሶችን ጮሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ በሚል ስም ገለጹ። ጥርሶቹ ከጎሪላ ጋር የሚመሳሰል የትልቅ ዝንጀሮ ወገን ናቸው። ዕድሜያቸው በመጀመሪያ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተብሎ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው አዲስ ምርመራ ወደ 8 ሚሊዮን ዓመት ተስተካክሏል። የሳይንስ ዕውቀት ራሱን በማረም የሚያድግ መሆኑን ለማሳየት ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ቀጥ ብሎ የቆመ አከርካሪ

ከጮሮራ በስተ ሰሜን የተንጣለለው የአፋር ሸለቆ የታሪኩን የመጨረሻ ክፍል ይዟል። በአራሚስ የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1974 በሐዳር የተገኘችው ሉሲ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። ከአከርካሪ አንጻር ግን ትልቁን ዕውቀት ያስገኘችው በዲኪካ የተገኘችው ሕፃን ሰላም ናት። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ቡድኑ አጽሟን ካገኙ በኋላ ከተጣበቀባት ድንጋይ ለማላቀቅ ዓመታት ወስደዋል። አጽሙ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም የተገለጸ ሲሆን፣ የአከርካሪዋ ጥናት የወጣው በ2017 ነው። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው በዚህ አጽም ሰባት የአንገትና አሥራ ሁለት የደረት አንጓዎች ተቆጥረዋል። ቁጥሩ ከዛሬው ሰው ጋር አንድ ነው።

በአራት እግር የሚሄድ እንስሳ አከርካሪ እንደ ድልድይ ነው ተብሏል፤ የሰው ግን እንደ ምሰሶ ቆሟል። ምሰሶው ሚዛኑን እንዲጠብቅ በወገብ በኩል ወደ ፊት፣ በደረት በኩል ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ከዚህ የተነሣ እጆች ነፃ ሆኑ፤ በአንጻሩም የላይኛው አካል ክብደት ሁሉ በታችኞቹ የወገብ አንጓዎች ላይ ወደቀ። የወገብ ሕመም በሰው ልጅ ዘንድ የበዛበት አንዱ ምክንያት ለመዋኘት ተጀምሮ፣ ለመሸከም ተሻሽሎ፣ በመጨረሻ ለመቆም የዋለው የዚህ ምሰሶ ታሪክ ነው።

የጃርት ዋሻ

ታሪኩ ወደ ድሬዳዋ የሚመለሰው በዋሻ በኩል ነው። ከከተማው በስተ ደቡብ፣ ከለገ ደቻቱ ሸለቆ በላይ፣ በዚያው በጁራሲክ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የተቦረቦረ ዋሻ አለ። በሳይንስ ጽሑፎች የሚታወቀው ፖርክ ኤፒክ በሚል የፈረንሳይኛ ስም ሲሆን ትርጉሙ ጃርት ማለት ነው። ካህንና የቅሪተ አካል ሊቅ የነበረው ፈረንሳዊው ቴያር ደ ሻርደን ከጸሐፊውና ከባሕር ተጓዡ ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1929 ዋሻውን ጎበኘ፤ በ1933ም ቁፋሮ ተደረገ። በዚያ ቁፋሮ ከድንጋይ መሣሪያዎች ጋር አንድ የሰው መንጋጋ ስባሪ ተገኘ። ሉሲ በተገኘችበት በ1974 ደግሞ ዴዝመንድ ክላርክ ቁፋሮውን እንደገና ጀመረ፤ ሥራው እስከ 1976 ቀጠለ።

ዋሻው የአርባ ሺህ ዓመት ገደማና ከዚያም በላይ ዕድሜ ያላቸው ንብርብሮች አሉት። ከተገኙት ነገሮች መካከል አርባ ኪሎ ግራም የሚያህል ቀለም የሚሰጥ የድንጋይ ስብርባሪ ይገኝበታል። ለባለ አከርካሪዎች ታሪክ ግን ዋናው ሀብት የእንስሳት አጥንቶቹ ናቸው። እነዚህን አጥንቶች በዝርዝር መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው ኢትዮጵያዊው ዘላለም አሰፋ ነው። በጥናቱ እንደተመለከተው፣ ብዙዎቹ አጥንቶች የትናንሽና የመካከለኛ ባለ ሰኮና እንስሳት ሲሆኑ፣ በላያቸው የሚታየው የመቁረጥና የመስበር ምልክት እንስሳቱን ወደ ዋሻው ያመጣቸው በአብዛኛው ሰው እንደነበረ ያስረዳል። እዚህ ላይ አንዱ ባለ አከርካሪ የሌላውን አጥንት ሰብሮ መቅኑን ሲበላ፣ ሳያውቀውም የታሪኩን ማስረጃ ሲያጠራቅም ይታያል። ከዚያ ዘመን እጅግ ዘግይቶ በአካባቢው ዋሻዎች ግድግዳ ላይ የተሣሉት ከብቶች ሰው ከአዳኝነት ወደ አርቢነት መሸጋገሩን ያመለክታሉ። የዋሂሉ ልጅ የሚጠብቃቸው ፍየሎችም የዚህ ምዕራፍ ተከታይ ናቸው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የባለ አከርካሪዎች ታሪክ በአንድ ስፍራ ተሟልቶ አይገኝም። ድሬዳዋ የጥንቱን ባሕርና የአዳኞቹን ዋሻ ይዛለች፤ በመካከል ያሉትን ገጾች ሙገር፣ ጭልጋ፣ ጮሮራና አፋር ተከፋፍለው ጠብቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ከነጭራሹ የሉም። በቅርቡ ዘመን እንኳ ክፍተት አለ፤ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ባለው የጎዳ ቡቲቻ ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በተደረገው ጥናት ከ15 ሺህ ዓመት በላይ የሚሆን ዘመን ደለል ሳይጠራቀምበት አልፎ ተገኝቷል።

ተፈጥሮ ያጠፋችውን ገጽ መመለስ አይቻልም። ሰው የሚያጠፋውን ግን መከላከል ይቻላል። የኖራ ድንጋይ ለሕንፃና ለሲሚንቶ ተፈላጊ ነው፤ ድሬዳዋም በአገሪቱ ከሁሉ ቀድሞ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተቋቋመባት ከተማ ናት። ልማቱ አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ድንጋዩን የሚፈልጥ ሠራተኛ በውስጡ የተለየ ቅርጽ ሲያይ ምን እንደሆነ ካላወቀ፣ እንደ ሙገሯ ጥርስ ያለች ማስረጃ ማንም ሳያያት ዱቄት ትሆናለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ የደነገገው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ የሚሠራው ቅርስን ቅርስ ነው ብሎ የሚለይ ዓይን ሲኖር ብቻ ነው።

ያን ዓይን የሚያሠለጥነው ትምህርት ቤት ነው። የዋሻው የመጀመሪያ ጥናት በውጭ አገር ሰዎች ተጀምሮ፣ ከሰባ ዓመታት በኋላ አጥንቶቹን በዝርዝር ያነበበው ኢትዮጵያዊ መሆኑ መንገዱ ክፍት መሆኑን ያሳያል። የዋሂል መምህር ይህን ትምህርት ለመስጠት ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ለምግብ የታረደ የፍየል አጥንት ታጥቦና ደርቆ በሰሌዳው አጠገብ ቢቀመጥ፣ ተማሪዎቹም አንጓዎቹን ቆጥረው ከራሳቸው ጀርባ ጋር ቢያስተያዩ፣ ቀጥሎም በአቅራቢያቸው ያለውን ድንጋይ ከነንብርብሩ በደብተራቸው ቢሥሉና የድንጋዩን ተራ ቢጠይቁ፣ የባለ አከርካሪዎች ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ይቀራል። ቅሪተ አካል ያገኘ ተማሪም ነቅሎ ወደ ቤቱ ከመውሰድ ይልቅ ባለበት ትቶ ለመምህሩ መናገርን ይለምዳል፤ ከቦታው የተነቀለ አጥንት ዕድሜውን የሚመሰክርለትን ንብርብር አጥቷልና።